ድሬዳዋ የድሮውን ባቡር እንዴት እንደምታዩ

በጠዋት ሂዱ። የድሬ ፀሐይ ቀትር ላይ ብረቱን አያስነካም። ከዚራ ሰፈር፣ ለገሃር (የድሮው ባቡር ጣቢያ) ስትደርሱ ጥበቃውን ሰላም ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ከዚያ ሐዲዱን ለኩት፤ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው መስመር እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፣ አዲስ አበባ በ1917። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ነበር፤ ተራራው ስላስቸገረ ሜዳው ተመረጠና ድሬዳዋ ተቆረቆረች።

የእንፋሎት ባቡር ካገኛችሁ ከነጂው ቦታ ጀምሩ። እሳቱ የሚነደው እዚያ ፊት ለፊት ነው፤ ትኩሱ ጭስ በውሃ በተከበቡ ቱቦዎች አልፎ ከፊት ባለው ጭስ ማውጫ ይወጣል፣ እንፋሎቱ ደግሞ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ ጎማውን ያዞራል። የፋብሪካው ሰሌዳ ካለ ፎቶ አንሱት። ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ካገኛችሁማ «አባባ» ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ድምፁንም ቅዱ።