ሐምሌ ላይ መብራት ሲሄድ

ቤታችን ወሎ፣ ኩታበር ገጠር ነው። ሐምሌ ከገባ መብራት ማታ ሄዶ በሦስተኛው ቀን ይመጣል፣ አንዳንዴ ሳምንት ይቆያል። ምሰሶው እንጨት ነው፤ አፈሩ በዝናብ ሲርስ ያዘነብላል፣ ወይ ደግሞ አጠገቡ ያለው ባሕር ዛፍ በንፋስ ተገንድሶ ሽቦው ላይ ይወድቃል፣ ለጥገና የሚመጣው መኪና ደግሞ ጭቃው አያሳልፈውም። ስለዚህ ዝግጅቱ ሰኔ ሳይጋመስ ነው።

ሰው ስለ አምፖል ያስባል። ቀድሞ የሚቆመው ግን ወፍጮው ነው። የናፍጣ ወፍጮ በቅርብ ከሌለ እህል በአህያ ጭኖ በጭቃ ሩቅ መሄድ ሊመጣ ነው። የሁለት ሦስት ሳምንት ዱቄት ቀደም ብላችሁ አስፈጩ። ከዚያ በላይ አታስፈጩ፣ በክረምት ዱቄት ቶሎ ይሻግታል። ከወፍጮ ሲመጣ ትኩስ ስለሆነ ሳይቀዘቅዝ የጆንያውን አፍ አትሰሩት፣ ያልበዋል። ጆንያውን ከመሬት ከፍ አድርጉት። ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽም ይኑር። በሶ እሳት አይጠይቅም፣ ውሃ ይበቃዋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛ ሁሉ የሸክላውን ምጣድ መጣል የለበትም። እናቴ ስንት ጊዜ ሊጡን አዙራ ሳትጨርስ መብራቱ እልም ብሎባታል! ግማሹ የበሰለ፣ ግማሹ ጥሬ እንጀራ። አሁን ጓዳ ውስጥ «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ አላት፣ ከሦስት ጉልቻው እሳት ጋር ሲተያይ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ኩበቱንም በጋ ላይ አድርቃ ከምራ በላስቲክ ትሸፍነዋለች። እርጥብ ኩበት ጭሱ ዓይን ያጠፋል እንጂ ምጣድ አያግልም። አንድ ነገር ግን አደራ፣ መብራት ሲሄድ ምጣዱን ወዲያው ከኤሌክትሪኩ ለዩት። ከ3,000 ዋት በላይ የሚጎትት ዕቃ ነው፣ ሌሊት እናንተ ተኝታችሁ መብራት ቢመጣ ባዶውን ይግላል፣ አጠገቡ ያለ ጨርቅም ይያያዛል።

ለብርሃን ሶላር ይሻላል። ብዙ ሰው ግን ሶላሩ በክረምት አይሠራም ይላል። በእርግጥ በደመና ይዳከማል፣ ግን አቀማመጡም አለበት። ወሎ ላይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ሐምሌ ላይ ፀሐይ ብቅ ስትል እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉና ቀትር ላይ ጥላውን እዩት፣ ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው። በጋ ላይ ወደ ደቡብ ያጋደላችሁትን ሶላር አሁን በጀርባው አስተኙት፣ ውሃ እንዲወርድ ያህል ብቻ ትንሽ ዘመም ይበል። ኩራዝ የምታበሩ ከሆነ ላምባው ውስጥ ቤንዚን ጠብ እንዳይል፣ ቦግ ብሎ ፊት ያቃጥላል። ስልክ ደግሞ መብራት ባለበት ሰዓት ሁሉ ይሞላ፣ ከቤቱ አንዱ ቁልፍ ስልክ ቢሆን ጥሩ ነው።

ይሄን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት ግን በከሰሉ ምክንያት ነው።

አብሽሩ፣ ማንም አልሞተም። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ነሐሴ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መብራት ከሄደ አራተኛው ቀን ነበር። ቡና ከተፈላ በኋላ ማንደጃውን ከነፍሙ ቤት ውስጥ ተውነውና በሩን ዘጋን፣ የበሩን ስር በጨርቅ ጠቀጠቅን። ሌሊት ትንሿ እህቴ «ራሴን» እያለች አስመለሳት። እናቴ ልትነሳ ስትል ጉልበቷ ከዳት። እየዳኸች ሄዳ በሩን ከፈተችው። ጧት ምች ነው ብለን ዳማከሴ ጨምቀን ጠጣን። ኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማንደጃውን አየችና ነገሩን ነገረችን።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፣ ደም ላይ የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ ነው። ፍሙ ሲቀላና ጭሱ ሲያልቅ «አሁን ደህና ነው» ይባላል። ደህና አይደለም፣ ጋዙ የሚወጣው ከቀላውም ፍም ነው። ማንደጃ ቤት ውስጥ ካለ በር ወይ መስኮት ይከፈት፣ ከመተኛት በፊት ማንደጃው ወደ ውጭ ይውጣ። አመድ ማልበስ አይበቃም። ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው፣ ካስመለሳቸው ሁሉንም ቶሎ ወደ ውጭ አውጡ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ።

ታዲያ ብርዱስ? እኛ አሁን ፍሙን ውጭ ትተን ድንጋይ እናግልበታለን፣ በጨርቅ ጠቅልለን እግር ስር እናደርገዋለን። ዝተቱን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከስርም እናነጥፋለን፣ ከመሬት የሚመጣው ብርድ ይብሳልና። ልጆቹ ከአያታቸው ጋር ባንድ መደብ ይተኛሉ።

ስለ ሽቦ አጭር ነገር ልበል። የወደቀ ሽቦ መብራት የለም ተብሎ አይነካም፣ ማንም ሳያውቅ መብራቱ ሊመጣ ይችላል። ከብቶቹን አርቁ፣ ልጆችን አርቁ፣ 905 ደውላችሁ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ተናገሩ። ሽቦ ላይ የተኛውን ባሕር ዛፍ በመጥረቢያ አትቁረጡ። ነጎድጓዱ ከሩቅ ሲሰማ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ንቀሉ፣ መብረቅ ሽቦውን ተከትሎ ቤት ይገባል።

መብራት ሲመጣ እልል ብላችሁ ሁሉንም አትሰኩ። መጀመሪያ ላይ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የሰው ፍሪጅ የሚያቃጥለው ያ ነው። አንድ አምፖል ብቻ በርቶ ይቆይ። አሥር ደቂቃ ያህል ሳይወዛወዝ ከበራ ስልኮቹንና ባትሪውን ሰኩ፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ፣ ምጣዱ መጨረሻ። ስልኩን ያስቀደምኩት ማታውኑ ተመልሶ ሊሄድ ስለሚችል ነው።