አቀንጭራና ተምች ላስመረራችሁ፦ ፑሽ ፑልን ማሳችሁ ላይ እንዴት ትተክሉታላችሁ

አቀንጭራ የገባችበት ማሳ ላለው ሰው ችግሩን እኔ አልነግረውም። በቆሎው ወይ ማሽላው ዝናብ እያገኘ ይጠወልጋል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ከዛ ከሥሩ ያቺ ሐምራዊ አበባ ብቅ ትላለች፣ መንገደኛ ቢያያት ጌጥ ነው ምትመስለው። ችግሩ ብቅ ያለች ለት ጉዳቱን ጨርሳ ነው፤ ስንት ሳምንት ሙሉ መሬት ውስጥ ሆና የሰብሉን ሥር ስትመጠምጥ ነው የቆየችው። ብትነቅሏት ጥሩ ነው ዘር አትጥልባችሁም፣ የዘንድሮውን ምርት ግን አትመልስም። አንዷ አቀንጭራ በአስር ሺዎች ሚቆጠር ዘር ትጥላለች፣ ዘሩ ከዱቄት ብዙ አይተልቅም፣ አፈር ውስጥ ደሞ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቀመጣል። በዛ ላይ አገዳ ቆርቁርና ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ (ከዚህ በኋላ ምጠራቸውም ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የመጣብን የአሜሪካ መጤ ተምች ሲጨመር፣ እንጃ።

ስለዚ ዛሬ ምጽፍላችሁ ፑሽ ፑል ስለሚባለው አተካከል ነው። ግፋና ሳብ ማለት ነው፣ ተባዩን ከመሃል ይገፋል ከዳር ይስባል። ነገሩ ትናንት የመጣ አይደለም፣ ናይሮቢ ያለው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከልና የእንግሊዙ የእርሻ ምርምር ተቋም ሮትሃምስቴድ አብረው ሠርተውት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኬንያ ውስጥ ገበሬው እጅ ገብቷል። አዲስ ሚባለው ለምን እንደሚሠራ ቀስ በቀስ እየገባን መምጣቱ ነው፣ እሱን ደሞ ሳትረዱ ብትተክሉት ግማሽ መንገድ ላይ ታበላሹታላችሁ፣ እኔ እንዳበላሸሁት። ትንሽ ሳይንሱን ታገሱኝ።

የአቀንጭራ ዘር ዝም ብሎ አይበቅልም፣ አጠገቡ ሥር መኖሩን እስኪያውቅ ይጠብቃል። ሚያውቀው ደሞ ከሰብሉ ሥር በሚወጣ ስትራይጎላክቶን በሚባል ኬሚካል ነው። መጀመሪያ የተገኘው በ1966 ከጥጥ ሥር ነበር፣ ሰዉ ሁሉ ታዲያ ተክል እንዴት ጠላቱን ራሱ ይጠራል ብሎ ሲገረም ከረመ። በ2005 ነው መልሱ የመጣው፣ ለካ ተክሉ ሚጠራው አቀንጭራን ሳይሆን ፎስፈረስ ሚያቀብሉትን የአፈር ፈንገሶች ኖሯል፣ አቀንጭራ ጥሪውን ሰርቃ ነው ምትመጣው። ከ3 ዓመት በኋላ ደሞ ይኸው ነገር የተክሉ የራሱ ሆርሞን እንደሆነና ቅርንጫፍ እንዳያበዛ ሚቆጣጠር እንደሆነ ታወቀ። ለኛ ከዚህ ሁሉ ሚጠቅመን አንድ ነገር ነው፦ መሬቱ ሲራብ ሰብሉ ጥሪውን ያበዛል። አቀንጭራ የደከመ መሬት ላይ ምትበረታው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ ስለዚ ከምንም በፊት ፍግና ኮምፖስት።

ማሽላ ለሚዘሩ አንድ ነገር ልጨምር፣ የወሎንኮሚው ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የወሰዱት በዚሁ ጉዳይ ነው፤ እኛ ጋ ጎቢዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት አቀንጭራን ሚቋቋሙ ዝርያዎች ከዛ ሥራ የመጡ ናቸው። በ2017 ደሞ እንዲህ ያለ ማሽላ ምኑ እንደሚለይ ጂኑ ተገኘ፣ ስትራይጎላክቶን መሥራቱን አላቆመም፣ ዓይነቱን ነው የቀየረው፣ ፈንገሶቹ ይሰሙታል አቀንጭራ ግን ብዙም አትሰማውም። ዝርያዎቹ አጫጭር ስለሆኑ አገዳ ለከብትና ለማገዶ ሚፈልግ ሰው ቅር ይለዋል፣ እውነቱን ነው፣ ግን ከፑሽ ፑል ጋር ደርባችሁ ብትዘሯቸው ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ፑሽ ፑል። መሃል ላይ በሰብሉ መስመሮች መካከል ሚተከለው ዴስሞዲየም የተባለ ሐረግ መሰል የጥራጥሬ ዘመድ ነው። ሥሩ ሁለት ዓይነት ኬሚካል ያወጣል፣ አንዱ የአቀንጭራን ዘር ና ብቀል ይለዋል፣ ሌላው ደሞ የበቀለው ሥር ላይ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። አቀንጭራ ደግሞ ከበቀለች በኋላ ሥር ካላገኘች በቀናት ውስጥ ትሞታለች። አያችሁ፣ መከላከል ብቻ አይደለም፣ አፈር ውስጥ የተከማቸውን ዘር በየዓመቱ እያወጣ ይጨርሰዋል። ናይትሮጅንም ከአየር እየሳበ ለመሬቱ ይሰጣል።

ዳር ላይ ሚተከለው የዝሆን ሣር ወይ ብራኪያሪያ የተባለው የመኖ ሣር ነው። የዝሆን ሣር ገና ሲመሽ በመጀመሪያው ሰዓት ሽታውን በብዛት ይለቃል፣ የአገዳ ቆርቁር እናት የሆነችው የእሳት ራት እንቁላል መጣያ ምትፈልገውም ያኔ ነው፣ ሄዳ እሱ ላይ ትጥላለች፣ ትሉ ሲቦረቡረው ሣሩ ሙጫ የመሰለ ነገር ያወጣና አብዛኛውን ይገድለዋል። ዴስሞዲየም ግን በሚያወጣው ሽታ የእሳት ራቷን ያባርራል ሚባለው ላይ አሁን ክርክር አለ። በ2024 የወጣ አንድ ጥናት ኧረ አያባርርም፣ ቅጠሉ ላይ ባሉት መንጠቆ መሳይ ፀጉሮች ትሎቹን ይዞ ነው ሚገድላቸው አለ፣ ሌሎች ደሞ ማሳ ላይ ለክተን ሽታውን አግኝተነዋል ይላሉ። እኔ በበኩሌ ቢይዝም ቢያባርርም ግድ የለኝም፣ ውጤቱ ላይ አልተጣሉም፤ በ2018 የታተመ በኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ገበሬዎች ማሳ ላይ የተሠራ ጥናት የመጤው ተምች ትል ቁጥር በአንድ ተክል በ82.7 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል።

እሺ አተካከሉ። መጀመሪያ ቦታ ስትመርጡ ከ50 ሜትር በ50 ሜትር አትብለጡ፣ በኛ ወደ አንድ ጥማድ መሆኑ ነው። ከዛ ከሰፋ የዳሩ ሣር መሃል ድረስ አይስብም፣ ትልቅ ማሳ ያለው ከፋፍሎ እያንዳንዱን ይክበብ። ለመጀመሪያ ዓመት እንደውም ግማሽ ጥማድ ይበቃችኋል፣ አቀንጭራ ከበረታችበት ጥግ ጀምሩ።

የዳሩን ሣር ዝናብ እንደጀመረ ከሰብሉ በፊት ትከሉ፣ ሁልጊዜ ከሰብሉ ቀድሞ ማደግ አለበት። ዙሪያውን ሦስት መስመር ነው። የዝሆን ሣር ከሆነ በመስመሮቹ መሃል 75 ሳንቲ፣ በተክሎቹ መሃል 50 ሳንቲ፤ ሦስት አንጓ ያለው አገዳ ቆርጣችሁ ሁለቱን አንጓ ቀብራችሁ አንዱን ውጪ ጋደም አድርጋችሁ ተዉት። ብራኪያሪያ ከሆነ 50 በ50፣ ሥሩን ገነጣጥላችሁ መትከል ይቻላል። ዝናብ አጠር የሆነ አካባቢ ያላችሁ ሰዎች ብራኪያሪያ ሙላቶ ሁለት የተባለውን ከአረንጓዴ ቅጠሉ ዴስሞዲየም ጋር ፈልጉ፣ ድርቅ ይችላሉ ተብለው የተመረጡት እነሱ ናቸው። በሣሩና በመጀመሪያው የሰብል መስመር መሃል አንድ ሜትር ክፍት ተዉ፣ አለበለዚያ ሣሩ ሰብሉን ይሻማዋል።

ሰብሉ በመስመር ነው ሚዘራው፣ በብተና ከሆነ ይሄ ነገር አይሆንም በቃ። በመስመሮቹ መሃል 75 ሳንቲ፣ እና በየሁለቱ መስመር መሃል ላይ ለዴስሞዲየሙ ፈር ታወጣላችሁ። ፈሩ ጥልቅ አይሁን፣ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ብቻ፣ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከቀበራችሁት አይወጣም። አፈሩ ደሞ ልክ ለጤፍ እንደምታለሰልሱት መለስለስ አለበት፣ ጓል ያለበት ማሳ ላይ አትድከሙ። ለአንድ ጥማድ ከ600 እስከ 700 ግራም ዘር ይበቃል፣ አንድ እጅ ዘር ከሁለት እጅ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በሁለት ጣት እያፈሰሳችሁ መሄድ ነው፣ አሸዋው ከሌለ ግማሽ ማሳ ሳትደርሱ ዘሩ ያልቅባችኋል። ከዛ በቅጠል ወይ በእጅ ስስ አፈር መለስ ማድረግ። ቦሎቄ መዝራት የለመደ ቤት ደሞ ቦሎቄውን ከበቆሎው ጋር በአንድ ጉድጓድ መጣል ይችላል፣ የዴስሞዲየሙን መስመር ግን አይንካ።

አሁን ነው ዋናው ነገር፣ አረም። ዴስሞዲየም ሲበቅል ቀርፋፋ ነው፣ ደቃቅ ነው፣ ማንም ቢያየው አረም ነው ሚለው። እኔ መጀመሪያ የአጎቴ ማሳ ላይ የዘራን ዓመት ለአረም ደቦ ተጠራ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ነቅሎ ወጣ፣ እኔ ደሞ ከተማ ነበርኩና ለማንም አልነገርኩም። ስመለስ ማሳው እንደ መስታወት ጠርቷል! አጎቴ በኩራት እያሳየኝ ‹‹አየህ አንድ አረም የለበትም›› ሲለኝ ምን ልበለው፣ የዘራሁትን ሁሉ ነቅለውታል። ስለዚ ለመጀመሪያው አረም፣ ማለትም በ3 ሳምንት ገደማ፣ ራሳችሁ ቁሙ፣ ሚያርመውን ሰው ሁሉ ጠርታችሁ አንዷን ችግኝ በጣታችሁ አሳዩ፣ የመስመሩን ጫፍና ጫፍም ችካል ምቱበት። ሁለተኛው አረም በሌላ 2 ወይ 3 ሳምንት ነው፣ ከዛ በኋላ ሐረጉ መሬቱን እየሸፈነ ሲመጣ አረሙ ራሱ ይቀንሳል።

ሽልሻሎ ሚያደርግ ሰው ደሞ ይሄን ማሳ ይተወው፣ በሬው ሚያልፈው ልክ ዴስሞዲየሙ ያለበት ላይ ስለሆነ ገልብጦት ነው ሚሄደው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም አውቃለሁ፣ በእጅ መኮትኮት ጉልበት ነው፣ ለዛ ነው በትንሽ መሬት ጀምሩ ያልኩት።

ከሁሉ ሚከብደው ግን ከአጨዳ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ኬንያ ምዕራቡ አካባቢ ማሳው ብዙ ጊዜ የታጠረ ነው፣ እኛ ጋ ግን ሰብል ከተነሳ ማሳው የመንደሩ ከብት ሁሉ ነው። ዴስሞዲየም ደሞ ለከብት ጣፋጭ ነው፣ በበጋ ያለ እረኛ የተለቀቀ መንጋ በ2 ቀን ከሥሩ ነው ሚጨርሰው፣ ሚቀረውን ረግጦ ይገድለዋል። የነገርዬው ጥቅም በሙሉ ዴስሞዲየሙ ከዓመት ዓመት በመቆየቱ ላይ ነው፣ በየዓመቱ እንደ አዲስ መዝራት ካለባችሁ አያዋጣም። ስለዚ ማሳው ለቤት ቅርብ ይሁን፣ ጓሮ ቢሆን ይመረጣል፣ እሾህ እጠሩበት፣ ከአዋሳኞቻችሁ ጋርም ከመዝራታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ሣሩን ስታካፍሏቸው ከአጥር በላይ ይጠብቅላችኋል፣ ከልምድ ነው ምላችሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ተዓምር አትጠብቁ። ዴስሞዲየሙ ገና ሥር እየሰደደ ስለሆነ አቀንጭራ ትታያላችሁ፣ እሷን አበባ ሳታወጣ እየነቀላችሁ አርቁ። ልዩነቱ ደህና አድርጎ ሚታየው ሁለተኛው ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሚያርሰው ደሞ ልክ ከሱ በፊት።

የዝሆን ሣሩን በ3 ወሩ፣ አንድ ሜትር ሲያልፍ ማጨድ ይቻላል፣ ግን ሦስቱንም መስመር ባንዴ አትጨዱ፣ ከሰብሉ ቅርብ ካለው ጀምራችሁ ተራ በተራ፣ ሁልጊዜ ትልቅ ሣር መቆም አለበት፣ አለበለዚያ ያቺ የእሳት ራት ምን አግኝታ እዛ ትሄዳለች? ስታጭዱ 10 ሳንቲ ያህል ጉቶ ተዉ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ቁጥቋጦው ድንክ ሆኖ ሚቀር ካያችሁ የሣሩ መቀንጨር በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ነቅላችሁ አቃጥሉት፣ ከሱም ችግኝ አትውሰዱ። ለላሟ ሣሩን አብዝታችሁ ዴስሞዲየሙን እንደ ማባያ ጨምሩላት።

በሁለተኛው ዓመት መሬቱን ሙሉ በሙሉ አታርሱም። ዴስሞዲየሙን ከመሬት ወደ 6 ሳንቲ አስቀርታችሁ አጭዱት፣ በመስመሮቹ መሃል የሰብሉን ቦታ ብቻ በዶማ ወይ በጥንቃቄ በማረሻ ክፈቱና ዝሩ። ሰብሉ ገና ትንሽ ሆኖ ሐረጉ ከወጣበት ደግማችሁ ከርክሙት።

ዘሩ ውድ ነው፣ ሁሌም አይገኝም፣ ስለዚ ማስፋት ስትፈልጉ በሐረጉ ተጠቀሙ። ጠንከር ካለው ሐረግ ሦስት አንጓ እየቆረጣችሁ፣ አፈሩ በደንብ በረጠበ ቀን፣ ሁለቱን አንጓ ቀብራችሁ አንዱን ወደ ላይ ተዉት። ዘር መልቀም ለሚፈልግ ደሞ ፍሬው ልብስ ላይ እንደ ጭጎጎት ስለሚጣበቅ ሹራብ ለብሳችሁ እንዳትገቡ፣ እኔ ገብቼ ማታ ሙሉ ከሹራቤ ላይ ስለቅም አመሸሁ፣ ያችኑ ይዤ ነው እንግዲህ በሚቀጥለው ክረምት አጎቴን እንደገና ያስዘራሁት።