ለማመስገን ብለን ሰው እንዳናስቀይም፦ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት አባቴ ታሞ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈለት። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። የከበደን ገንዘቡ ነበር። የሰፈሩ ሰው፣ የዕድሩ አባላት፣ መንዝ ያሉ ዘመዶቻችን ሁሉ ተረባረቡ። አባቴ ድኖ ሲመለስ ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። በዚያው ማታ ፌስቡክ ገብቼ የረዱንን ሰዎች ስም ከነብሩ ዘረዘርኩት።

በማግስቱ አንዲት ጎረቤታችን ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አባትህን እንኳን እግዜር ማረልህ። ግን ምነው ስሜን ባታነሳው?» አሉኝ። ለካ ከጥቂት ወራት በፊት የባላቸው ወንድም ብድር ጠይቋቸው «እጄ ላይ የለም» ብለውት ኖሯል። የኔን ጽሑፍ አይቶ ቤታቸው ድረስ መጥቶ ወቀሳቸው። ላመሰግን ብዬ የሰው ቤት በጠበጥኩ።

ከዚያ ወዲህ የገቡኝን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ሳይጠይቁ ስም መጥራት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሰው ስሙ እንዳይጠራ የሚፈልግበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ቃል አክብሮ ይሰጣል። ሌላው ነገ በሩን የሚያንኳኳው እንዳይበዛበት ይሰጋል። ሌላዋ እንደ ጎረቤታችን ከዘመድ ጋር የማይነገር ነገር አለባት። ምክንያቱን የመጠየቅ መብት የለንም፤ ፈቃዱን የመጠየቅ ግዴታ ግን አለብን።

እኔ አሁን በውስጥ መስመር እንዲህ ብዬ እልካለሁ፦ «ጋሼ፣ ስለረዱን ምስጋና ልጽፍ ነው። ስምዎን ልጥቀስ? ባይጠቀስ ይሻላል ካሉም ቅር አይለኝም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሷት። ያለ እሷ የኛ ሰው በይሉኝታ «እሺ» ይላል። መልስ ያልሰጠም እሺ እንዳለ አይቆጠርም። ስማርት ስልክ የማይዙ አዛውንት ከሆኑ ደግሞ ቤታቸው ሄዶ ስንት ሰው ሊያየው እንደሚችል ማስረዳት ነው። «ተወው፣ ንገር» ሲሉ ሰፈሩን አስበው ይሆናል እንጂ አሜሪካ ያለውን የእህታቸውን ልጅ አስበው አይደለም።

«ስሜ አይጠራ፣ ግን በጸሎት አስቡኝ» የሚልም አለ። ለእሱ ቤተ ክርስቲያን የለመድነው መንገድ አለልን፤ የክርስትና ስም። «ወለተ ማርያም፣ ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ» ብትሉ ስንት ወለተ ማርያም አለች? ባለቤቷ ግን አንብባ ለእሷ እንደሆነ ታውቀዋለች። ይሄ በጣም ደስ ይለኛል። የክርስትና ስሟን ሁሉም የሚያውቀው ከሆነ ግን እሱም ቢቀር ይሻላል።

ብሩን መጻፍ፣ ደረሰኙን መለጠፍ

«ዕድርስ መዝገብ ላይ ይጻፍ የለ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ይጻፋል። መዝገቡ ግን ጸሐፊው ቤት ነው የሚቀመጠው፤ አደባባይ አይሰቀልም። እኔ 5,000 እና 200 ብርን ከላይና ከታች ደርድሬ ነበር። 200 ብር የሰጠን ልጅ የቀን ሠራተኛ ነው። የእሱ 200 ስንት እንደሆነች እኔ አውቃለሁ፤ ዝርዝሩን ያነበበው ሰው ግን አያውቅም።

የባንክ ወይም የቴሌብር ደረሰኝ ስክሪንሾት ደግሞ የላኪው ስም፣ የሂሳብ ወይም የስልክ ቁጥር፣ የግብይት ቁጥር አለበት። ግልጽነት ካስፈለገ ጠቅላላ ድምሩን ተናገሩ፤ ደረሰኙን ማየት ለሚገባው ኮሚቴ አሳዩ።

የተረዳውን ሰው መርሳት

ምስጋና ስንጽፍ ሐሳባችን ሰጪው ላይ ነው። የተቀበለውም ግን ክብር አለው። እኔ የአባቴን በሽታ በስሙ ጠርቼ ጽፌ ነበር። «በሽታዬን ገበያ አወጣኸው» አለኝ። ይህን ያለኝ ሳይቆጣ ነው፤ ያ የባሰ አመመኝ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት ይከበር ይላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ጋር ይመድበዋል።

ደብረ ብርሃን ከየቦታው የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች የተጠለሉባት ከተማ ናት። ዱቄትና ዘይት ይዞ የሄደ ሰው እናቲቱን ከነልጆቿ አቁሞ ፎቶ ያነሳና «ለጋሾቻችንን እናመሰግናለን» ብሎ ይለጥፋል። ዘይቱ በወር ያልቃል። ፎቶው ግን ልጁ አድጎ ሥራ ሲፈልግም አለ። ዱቄት እየተቀበለች ያለች እናት «አታንሱኝ» ለማለት አቅም የላትም፤ ስለዚህ እሺታዋን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት። ጆንያውን አንሱ፣ መኪናውን አንሱ። ይበቃል።

በቴክኒኩ በኩል አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። ቴሌግራም ላይ ፎቶን እንደ ፋይል ስትልኩ የተነሳበት ቦታ መረጃ አብሮ ሊሄድ ይችላል። እንደ ፎቶ ላኩት።

«ለሁላችሁም» ብሎ ማለፍ

ፈርተን ሁሉንም ስም ብንደብቅም ስህተት ነው። መጠራት የሚገባው፣ መጠራትም የሚፈልግ ሰው አለ። አባቴን በዚያ ብርድ በሌሊት ሆስፒታል ያደረሰው ባለ ባጃጅ «ስሜን ከነስልኬ ጻፍልኝ» ብሎኛል። እንጀራው ነው፤ ጻፍኩለት። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ጭስ ላይ ቆመው ወጥ የሚሠሩ ሴቶችማ ማን ስማቸውን ይጠራል? ብር የሰጠ ይጠራል፣ ጉልበቱን የሰጠ «እና ሌሎችም» ውስጥ ይገባል። እነሱን ጠይቃችሁ ፈቃዳቸው ከሆነ ከፊት አስቀምጧቸው።

«አጥፋው» ሲባል መከራከር

«ምን ችግር አለው፣ መልካም ነገር እኮ ነው» ማለት የለም። እኔ ስልኩን እንደዘጋሁ አጠፋሁት። ግን አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተጋርቶ ነበርና አድሚኑን ለምኜ እዚያም አስጠፋሁ። ስክሪንሾት ያነሳውን ግን ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

እሑድ አባቴ ጋቢውን ደርቦ «ተነስ፣ እንሂድ» አለኝ። ጎረቤታችን ቤት ገባን። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አባቴ ሁለት እጃቸውን ይዞ ዝቅ ባለ ድምፅ መረቃቸው፤ በር ላይ የቆምኩት እኔ እንኳን ግማሹን አልሰማሁትም። እሳቸው ግን እያንዳንዷን ቃል ተከትለው «አሜን» ይሉ ነበር።