ሰርኩላር ኢኮኖሚ በሐዋሳ፦ ከፌስታል እስከ ጨረታ ሰነድ

የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ጎርፍ ጠርጎ ያስገባው ፌስታል እዚያው ይቀራል። «ሰርኩላር ኢኮኖሚ»፣ ማለትም ዕቃን አንዴ ተጠቅሞ ከመጣል ይልቅ ደጋግሞ ሥራ ላይ ማዋል፣ የስብሰባ ቃል ቢመስልም፣ እዚህ ከተማ ሲደርስ ከሱቅ ባንኮኒና ከግዥ ክፍል የሚጀምር ሥራ ነው።

ከፌስታሉ እንነሣ። የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 513 የከለከለው ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠውን ስለነበር «የእኛ ወፍራም ነው» ማለት ያስኬድ ነበር። በ2017 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1383 ግን አንዴ ተገልግለን የምንጥለውን የፕላስቲክ ከረጢት ማምረትን፣ መሸጥንም ሆነ መጠቀምን ከልክሏል። ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል፤ የአምራችና የአስመጪ ቅጣት ከዚህ በእጅጉ ይከብዳል። ምትክ ሲገዙ አንድ ነገር ይፈትሹ፦ ጨርቅ መስሎ የሚሸጠው ስስ ከረጢት ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፕሊን፣ ማለትም ፕላስቲክ ነው። ጫፉን ቆርጠው በክብሪት ይሞክሩት። ጥጥ አመድ ይሆናል፤ ያኛው ቀልጦ ይንጠባጠባል።

ካፌ፣ ሆቴል ወይም ሱቅ ካለዎት ቅርጫት ከመግዛትዎ በፊት ለ7 ቀን ቆሻሻዎን በሚዛን ይመዝኑ። እርጥቡን (የምግብ ትርፍ፣ የቡና አተላ)፣ ደረቁን (ሀይላንድ፣ ካርቶን፣ ቆርቆሮ) እና ሌላውን ለየብቻ ይጻፉ። ለካፌ አብዛኛውን ጊዜ የሚከብደው እርጥቡ ነው፤ ሰው ግን ዓይን የሚሞላው ፕላስቲክ ላይ ብቻ ያተኩራል። ከዚያ በየክፍሉ ሳይሆን ቆሻሻው በሚፈጠርበት ቦታ፣ ማለትም በማብሰያውና በዕቃ ማጠቢያው አጠገብ፣ ክዳን ያላቸው ሁለት በርሜሎች ያስቀምጡ። አንዴ ወጥ የነካው ካርቶን ዋጋ የለውም፤ «እንለያለን» ብለው የጀመሩ ቤቶች በወሩ የሚተዉት ማታ ላይ ለመለየት ስለሚሞክሩ ነው።

ሀይላንዱን ክዳኑን ነቅለው፣ አጨማደው በማዳበሪያ ከረጢት ይሙሉ። ክዳኑ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፤ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጠርሙሱ ግን ይሰምጣል። የግማሽ ሊትሩ ባዶ ጠርሙስ 15 ግራም ገደማ ስለሚመዝን አንድ ኪሎ ለመሙላት 65 ያህል ያስፈልጋል። ለቆራሌው ከመስጠት ይልቅ ፈቃድ ካለው ሰብሳቢ ማኅበር ጋር ውል ገብተው በየርክክቡ ኪሎና ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ ይያዙ። የወሰደው ሰው መንገድ ዳር ቢደፋው ማን እንደደፋው የሚያሳየው ያ ወረቀት ነው። (ቆራሌው ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ማኅበር ውስጥ ቢገባ ለሁለታችሁም ይሻላል።)

እርጥቡን ለማዳበሪያ ማዋል ከፈለጉ በመጠን አንድ እጅ የምግብ ትርፍ ከሁለት እስከ ሦስት እጅ ደረቅ ነገር ጋር ያዋህዱ፦ የቡና ገለባ፣ ሰጋቱራ፣ ቅጠል። የጫት ገረባም ይሆናል፣ ወፍራሙ እንጨት ግን ተቆራርጦ። ክምሩ በየአቅጣጫው ከ1 ሜትር ካነሰ አይሞቅም፤ ሲሠራ መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል። በእጅዎ ሲጨምቁት ሁለት ሦስት ጠብታ ከወጣው እርጥበቱ ልክ ነው። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ውሃ በዝቶ አየር አጥቷል፤ ያገላብጡትና ደረቅ ይጨምሩ። እንደ ሽንት ቤት ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለው ደግሞ የምግብ ትርፉ ከሚገባው በላይ ነው። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የገዙትን ዓሣ አንጀትና አጥንት መሐሉ ላይ ቀብረው በ30 ሳንቲሜትር ደረቅ ነገር ካልሸፈኑት ድመቱም አሞራውም ይገለብጠዋል። በየሳምንቱ ከተገላበጠ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይደርሳል።

ለስፌት ፋብሪካ አንድ ቃል ብቻ። የጥጥና የፖሊስተር ብጣሽ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጀምሮ ይለይ፤ የተደባለቀውን መልሶ መፍተል ይከብዳል። ከቀረጥ ነፃ በገባ ጨርቅ የሚሠራ ከሆነ ብጣሹን አገር ውስጥ ከመሸጡ በፊት የጉምሩክ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

መንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ጉዳዩ ከቅርጫቱ ይልቅ በግዥ ዝርዝሩ ይወሰናል። ሐዋሳ የሥልጠና ከተማ ነችና በዚያ እናስላው። 40 ሠልጣኝ፣ 5 ቀን፣ በቀን ሁለት ግማሽ ሊትር ውሃ፦ 400 ጠርሙስ። ይኸው ውሃ በ20 ሊትር ጀሪካን 10 ጀሪካን ነው፤ ጀሪካኑም ለአቅራቢው ይመለሳል። የአዳራሽ ውል ላይ «ውሃ በተመላሽ ጀሪካንና በብርጭቆ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። ለማተሚያ ደግሞ በሁለቱም ገጽ የሚያትም፣ ቶነሩ (የቀለም ዱቄቱ) እንደገና የሚሞላ፣ መለዋወጫው ለ5 ዓመት የሚቀርብ ብለው ይጠይቁ፤ ዋጋውንም በመግዣው ብቻ ሳይሆን በዕቃው ዕድሜ ሁሉ በሚያስወጣው ያወዳድሩ። ይህ ሁሉ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት በሰነዱ መግባት አለበት። ከተከፈተ በኋላ የተጨመረ መስፈርት የተሸነፈው ተጫራች የመጀመሪያ አቤቱታ ነው።

መጋዘን ውስጥ የተከመረውን አሮጌ ኮምፒውተር ከብረታ ብረት ጋር በአንድ ሎት (የጨረታ ምድብ) አይሽጡ። ባትሪ፣ ሸምበቆ (ፍሎረሰንት) አምፖልና የቶነር ዱቄት በ2010 በወጣው የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090 ሥር ያርፋሉ፤ ስለዚህ ተረካቢው የተለየ ፈቃድ ይኑረው። ሃርድ ዲስኩን ግን ነቅለው ያስቀሩ። ፋይል «ዲሊት» መደረጉ መጥፋቱ አይደለም፤ በመሰርሰሪያ መሐሉን ይብሱት፣ ቃለ ጉባኤውም ላይ መለያ ቁጥሩን ይጻፉ።