ተማሪዎችን ከዘጌ ሥዕሎች ፊት ማስተማር

በባሕር ዳር የሚሠራ ሠዓሊ ተማሪዎችን በጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ወስዶ ሊያስተምር ሲያቅድ፣ አስቀድሞ ከትምህርት ቤቱ፣ ከወላጆችና ከገዳሙ አስተዳዳሪ ጋር መነጋገር ይኖርበታል፤ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሣትም ሆነ መንደፍ አይገባም። በዘጌው ገዳም በዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑትን ሥዕሎች ሲያሳይ ለማብራራት አይቸኩል፤ በአብዛኛው ጻድቃን በሁለት ዐይን፣ ክፉዎች ግን በጎን ገጽታ በአንድ ዐይን ብቻ መሣላቸውን ልጆቹ ራሳቸው እስኪያስተውሉ ይታገሥ። ቅዱሳት ሥዕላት የራሳቸው ሥርዓት ስላላቸው ልምምዱን ወደ መገልበጥ ባያወርደው ይመረጣል፤ ይልቁንም ያንኑ ደማቅ ቀለምና ጥቁር የዳር መስመር ተጠቅመው የደንገል ታንኳ ቀዛፊን ወይም የገበያ ቀንን እንዲሥሉ ያድርግ። ታንኳ የሚሠሩ አባት ሙያቸውን እንዲያሳዩ ከተጋበዙ፣ ክፍያቸው እንደ ቀለሙና እንደ ወረቀቱ ሁሉ በበጀቱ ውስጥ ይያዝ።