«አሁን ምን ላይ ነሽ?» ዓላማን፣ ታርጋንና እርግጠኝነትን ስንለቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም የማይቀር ጥያቄ አለ። «አሁን ምን ላይ ነሽ?» ድሮ መልሱ በአንድ ቃል ያልቅልኝ ነበር፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። አሁን ጠዋት የሦስት ሱቆችን ሒሳብ እይዛለሁ፣ ከሰዓት የሰፈር ልጆች አስጠናለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ይዤ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ መጠሪያ የለውም። «ወዴት እያመራሽ ነው?» ብትሉኝም አላውቅም። ይህን ሳልሸማቀቅ ለመናገር አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ አብዛኛውም በስህተት ያለፈ ነው። እዚህ ሐዋሳ በተመሳሳይ ነገር የሚጨነቁ ብዙ ሰዎች ስለማውቅ ስህተቶቹን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት፣ መልቀቅን ራሱን ዓላማ ማድረግ ነው። ሥራ የተውኩ ሰሞን ደብተር ገዛሁ። ማታ ማታ «ዛሬ ምን ያህል ተረጋጋሁ?» እያልኩ ለራሴ ከአሥር ነጥብ እሰጥ ነበር። አራት ያመጣሁ ቀን እንቅልፍ የለም። ከአለቃ ግምገማ ወጥቼ ራሴን በየቀኑ የምገመግም ሆንኩ፣ ያውም ያለ እረፍት። አንድ ጠዋት ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ልገዛ ሄጄ አንድ ልጅ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲገፍ ቆሜ አየሁት። ቢላዋው እጁ ላይ ያደገ ይመስላል። አባ ኮዳዎቹ ዙሪያውን ከበው ይጠብቃሉ፣ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላሉ፣ እኔ ደግሞ ሰዓቱን ረስቼዋለሁ። ማታ ደብተሩን ሳልከፍት ተኛሁ። በነጋታውም አልከፈትኩትም። እናንተም እንዲህ ያለ መቁጠሪያ ካላችሁ፣ በስልክም ይሁን በደብተር፣ ለጥቂት ቀን ተዉትና እዩ።

ሁለተኛው ዓላማንና ኃላፊነትን መቀላቀል ነው። ይህን በአጭሩ ልበለው። «ዓላማ አያስፈልገኝም» ማለት ዕቁብ አልጥልም፣ ኪራይ አልከፍልም ማለት አይደለም። እናንተ የጣላችሁትን ሸክም እህታችሁ ወይም ሚስታችሁ ታነሳዋለች። የሚለቀቀው ሌላ ነገር ነው፤ ሕይወቴ ትልቅ ራዕይ ከሌለው ዋጋ የለውም የሚለው ሐሳብ። አንድ ጓደኛዬ በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። አንድ ጊዜ የሆነ ሥልጠና ገብታ «የሕይወት ዓላማሽን ጻፊ» አሏት። «የቤት ኪራይና የወንድሜ ትምህርት» ብላ ጻፈች። ከዚያ የሌሎቹ ሲነበብ ሰምታ ወረቀቷን አጠፈችው። ስትነግረኝ አሁንም ታፍራለች። እኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ ምን እንዲጻፍ እንደተፈለገ እስከዛሬ አልገባኝም።

ሦስተኛው ስህተት ብዙ ዋጋ ስላስከፈለኝ ሰፋ አድርጌ ላውራው። እርግጠኝነትን መልቀቅ ማለት አለመጨነቅ ይመስለን ነበር፣ እኔም ጓደኞቼም። ስለዚህ ጭንቀት ሲመጣ ቶሎ የሚያስተኛው ነገር እንፈልጋለን። ያን ጊዜ በጣም የሚቀርበን ነገር የውሸት እርግጠኝነት ነው።

እናቴ አንገቷ ላይ እብጠት ወጣ። በመርፌ ናሙና ተወሰደና ውጤቱ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። በሁለተኛው ቀን እኔ ወስኜ ጨርሻለሁ። ካንሰር ነው። ማንም አላለኝም፣ ስልኬ ላይ ሳነብ ያደርኩትን ይዤ ራሴ ፈረድኩ። የሚገርመው ከወሰንኩ በኋላ ቀለል አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ካነበብኩ በኋላ ነው ምክንያቱ የገባኝ። 45 ሰዎች የኮምፒውተር ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ድንጋይ ሥር እባብ አለ ወይስ የለም ብለው ይገምታሉ፣ እባብ በተገኘ ቁጥር እጃቸውን የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይነካቸዋል። ላባቸውና የዓይናቸው ብሌን ሲለካ በጣም የተጨነቁት ንዝረቱ እንደማይቀር ሲያውቁ አልነበረም። ሃምሳ በሃምሳ ሲሆን ነው። ከታወቀ ክፉ ይልቅ ያልታወቀው ነገር የበለጠ ያስጨንቀናል ማለት ነው።

ውጤቱ መጣ። የእጢ ቲቢ ነበር፣ የስድስት ወር መድኃኒት ያለው። እኔ ግን ሰባት ቀን ሙሉ በልቤ ቀብሬያት ነበር። እሷ እንደወትሮዋ ጥጧን ስትፈትል፣ ቡናዋን ስትቆላ፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አልነበርኩም። ያቺ ሳምንት አትመለስም።

«አይ፣ ምንም አይሆንም» ብሎ መደምደምም ያው ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ነው የተለየው። ያለማወቁን ጊዜ እንዳለ መያዝ ይከብዳል፣ ግን እዚህ አገር ስንኖር በየዓመቱ የምናየው ነገር ነው። የሲዳማን ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምባላላን ውሰዱ። ቀኑን አያንቶ የሚባሉት ኮከብ ቆጣሪዎች የከዋክብትን አካሄድ አይተው እስኪነግሩ ድረስ ይጠበቃል። እስከዚያ ማንም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፣ ለበዓሉ ምግብ፣ ለቡርሳሜው፣ የሚሆነው ቅቤ ይጠራቀማል። ዓሣ አጥማጆቹም ማታ መረብ ጥለው ሲመለሱ ጠዋት ስንት እንደሚያወጡ አያውቁም። ሐይቁን ግን ያውቁታል፣ የት እንደሚጣልም ያውቃሉ። እርግጠኝነትን ለቀቅኩ ብሎ የሚያውቀውንም የሚጥል ሰው ካለ ይህን ይይልኝ።

ወደ ታርጋ እንምጣ። እዚህ ላይ የምንሳሳተው ሁሉንም ስም በአንድ ላይ ስንጥል ነው። «የእጢ ቲቢ» የሚለው ስም ባይገኝ እናቴ መድኃኒቷን አታገኝም ነበር። እናት መሆን፣ ሲዳማ ወይም ወላይታ መሆን፣ ክርስቲያን ወይም ሙስሊም መሆንም ሰው የሚኖርበት ቤት ነው፤ ውጣ የሚለው የለም። ችግሩ ሰውዬውን ሳናየው የምንለጥፍበት ነው። የእህቴ ልጅ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወሰደች። ያን ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች አንድ ስም ተሰጣቸው፦ የወደቁ። እሷም ተቀበለችው። ሰው ሲመጣ ጓዳ ትገባ ነበር። አሁን ፀጉር ትሠራለች፣ እጇ ወርቅ ነው፣ ግን ስሟን ከመጠየቃቸው በፊት ውጤቷን የጠየቋትን ሰዎች አልረሳችም።

ደስ የሚሉ ታርጋዎችም ይይዛሉ። «ዝምተኛ ነኝ»፣ «ኮከቤ እንዲህ ነው»፣ «የእኔ ባሕርይ ይሄ ነው» የምንላቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 ፎረር የሚባል የሥነ ልቦና መምህር 39 ተማሪዎችን ፈትኖ ለእያንዳንዳቸው «የአንተ ባሕርይ ይህ ነው» የሚል ጽሑፍ ሰጣቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ሲጠየቁ ከ5 በአማካይ ከ4 በላይ ሰጡት። ለሁሉም የሰጠው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር። ይህን ሳነብ ለስንት ዓመት «እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም» እያልኩ እንደኖርኩ ትዝ አለኝ። አሁን ስምንት ልጆች ፊት ቆሜ ክፍልፋይ አስተምራለሁ።

የመጨረሻው ራሳችን የለቀቅነውን ሌላውም እንዲለቅ መግፋት፣ ወይም ደግሞ ለሌላው ሕመም ትርጉም ፈልጎ መስጠት ነው። ጎረቤቴ ልጇ ሞቶባት ድንኳን ውስጥ «ለበጎ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ፊቷን አዞረች። በእሷ ቦታ ሆኜ ሳስበው አሁንም ያመኛል። ምን በጎ? ማን ነገረኝ? አጠገቤ የነበሩት እናቶች አንድም ነገር አላስረዱም። «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ተቀመጡ። ሌሊቱን ሙሉ ተቀመጡ።

በሁለተኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ኩባያ አጠብኩ፣ ወንበር አነሳሁ። ከሰዓት ላይ አጠገቧ ቦታ ስለተገኘ ተቀመጥኩና የንፍሮውን ሳህን አቀረብኩላት። ሁለት ፍሬ ባቄላ አነሳች።