የትራውት ጅረትን መንከባከብ፦ ለሲልቨር ስፕሪንግና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች

ከሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ከተማ በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት፣ በክሎቨርሊና በኮልስቪል ሰፈሮች በኩል የሚወርደው ፔይንት ብራንች የተባለ ጅረት፣ ብራውን ትራውት የተሰኘው ዓሣ ማንም ሳያረባው በራሱ እየተራባ ለረዥም ዘመን የኖረበት ውኃ ነው። ዋና መራቢያዎቹ ጉድ ሆፕና ገም ስፕሪንግስ የሚባሉት ትንንሽ ገባሮች ሲሆኑ፣ ጅረቱ ወደ ደቡብ ወርዶ ኮሌጅ ፓርክ አጠገብ ከኢንዲያን ክሪክ ጋር ይገናኝና በመጨረሻ ወደ አናኮስቲያ ወንዝ ይገባል። ዓሣው ራሱ የአገሩ ተወላጅ አይደለም። በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ያለው ትራውት ከኬንያ እንደመጣ ሁሉ፣ ይህኛውም በ1880ዎቹ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የለመደ መጤ ነው። ሆኖም ትራውት የሚኖርበት ውኃ ቀዝቃዛና ንጹሕ መሆኑ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ እርሱን መጠበቅ ጅረቱን በሙሉ መጠበቅ ይሆናል።

በጎ ፈቃደኛ መሆን የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ቡትስ ጫማ ተጫምቶ፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ፌስታልና ጠርሙስ መልቀምን ነው። ቆሻሻ መልቀም መልካም ሥራ ቢሆንም ትራውትን የሚገድለው በዋነኛነት ፌስታል አይደለም። ዓሣውን የሚያጠፉት የሞቀ ውኃ፣ ደለልና ጨው ናቸው፤ ሦስቱም የሚመጡት ደግሞ ከጅረቱ ራቅ ካሉ ጣሪያዎች፣ የመኪና ማቆሚያዎችና መንገዶች ነው። ስለዚህ ጠቃሚ የሆነው ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው እግርን ሳያረጥቡ ነው።

ምክንያቱን መረዳት ሥራውን ያቀላል። በሜሪላንድ ሕግ የትራውት ውኃ ተብለው ለተመደቡ ጅረቶች የተወሰነው የሙቀት ጣሪያ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም 68 ፋራናይት ነው። በሐምሌ ቀትር በጋለ አስፋልት ላይ የወረደ ዝናብ በጎርፍ ማፋሰሻ ቱቦ በኩል በቀጥታ ወደ ጅረቱ ሲገባ፣ አፈር ውስጥ ሰርጎ ቀዝቅዞ ቀስ በቀስ ከመምጣት ይልቅ ሙቀቱን ይዞ በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ፍጥነቱም ዳርቻውን እየሸረሸረ ደለል ያስከትላል። የሜሪላንድ ተወላጅ የሆነው ብሩክ ትራውት የተፋሰሱ መሬት ከ4 በመቶ በላይ በጣሪያና በአስፋልት ከተሸፈነ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ብራውን ትራውት ከእርሱ ይበልጥ ቻይ ቢሆንም ለእርሱም ልክ አለው፤ የሞንጎመሪ ካውንቲ በላይኛው ፔይንት ብራንች ተፋሰስ አዳዲስ ግንባታዎች ውኃ የማያሰርግ ሽፋናቸውን በ8 በመቶ እንዲገድቡ የደነገገው ለዚህ ነው።

ከቤትዎ ይጀምሩ። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ወጥተው ከአሸንዳው የሚወርደው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ይከተሉት። ወደ መኪና መግቢያው፣ ከዚያም ወደ መንገድ የሚፈስ ከሆነ መውረጃውን ወደ ሣሩ ወይም ወደ አትክልቱ መደብ ማዞር፣ ወይም ከሥሩ በርሜል ማስቀመጥ ይቻላል። ካውንቲው ሬይንስኬፕስ በተባለው ፕሮግራሙ ዝናብን የሚያሰርግ መደብ ለሚሠሩ ነዋሪዎች ከወጪያቸው ከፊሉን የሚመልስበት አሠራር አለው፤ ትሪ ሞንጎመሪ በተባለው ደግሞ ጥላ የሚሰጡ ዛፎችን በነጻ ይተክላል። ተከራይ ከሆኑ ለአከራዩ ወይም ለማኅበሩ አስተዳደር ይህን ማስረዳትም ሥራ ነው።

ጨውን በተመለከተ ትንሽ ረዘም አድርጌ መጻፍ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም በዋሽንግተን አካባቢ በመኪና ማቆሚያ ሥራ የተሰማራ ወገናችን ብዙ ስለሆነ፣ ይህ ጉዳይ ከማንም ይልቅ በእጃችን ያለ ነው። ጨው አንዴ ውኃ ውስጥ ከሟሟ በኋላ ጅረቱ የሚያስወግድበት መንገድ የለውም፤ ወደ ከርሰ ምድር ውኃም ስለሚሰርግ በበጋ ወራት ጭምር ይገኛል። በረዶ ሲጥል አስቀድሞ በአካፋ መጥረግ፣ ጨው የሚያስፈልገው ለቀረው ስስ ግግር ብቻ እንደሆነ ማስታወስ ይገባል። አንድ የቡና ኩባያ፣ ማለትም 12 አውንስ የሚይዝ፣ ለ6 ሜትር ያህል የመኪና መግቢያ ወይም ለ10 የእግረኛ መንገድ ንጣፎች ይበቃል። ብዙዎቻችን በባልዲ የምንደፋው ይበልጥ የሠራን እየመሰለን ነው። ቅዝቃዜው ከ15 ፋራናይት በታች ሲወርድ ተራው ጨው ስለማይሠራ፣ በዚያ ቀን መበተኑ ገንዘብንም ጅረትንም ማባከን ነው፤ አሸዋ ይሻላል። በረዶው ከቀለጠ በኋላ የተረፈውን ጨው ጠርጎ ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ ይቻላል። የቤተ ክርስቲያንም ሆነ የመስጊድ መኪና ማቆሚያ ሰፊ በመሆኑ፣ የሰበካ ጉባኤ ወይም የኮሚቴ አባል የሆነ ሰው ጨው የሚበትነውን ድርጅት መጠኑን እንዲቀንስ ቢያነጋግር ውጤቱ ከብዙ ቅዳሜዎች ጽዳት ይበልጣል። መለካት ለሚወድ ደግሞ ጋይተርስበርግ ላይ ዋና ጽሕፈት ቤቱ የሚገኘው አይዛክ ዋልተን ሊግ የተባለው ማኅበር፣ በሶልት ዎች ፕሮግራሙ አማካይነት በውኃ ውስጥ ያለውን ክሎራይድ፣ ማለትም ከጨው የሚመጣውን ንጥረ ነገር፣ መመርመሪያ ወረቀት በነጻ ይልካል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ለውኃ ውስጥ ሕይወት የረዥም ጊዜ ገደብ አድርጎ ያስቀመጠው በሊትር 230 ሚሊ ግራም ክሎራይድ ነው።

በቡድን መሥራት የሚሻ ሰው በካውንቲው ፓርኮች የሚመራውን ዊድ ዋሪየርስ የተባለ የአረም ዘማቾች ፕሮግራም ይቀላቀል። ያለ ሥልጠና ወደ ፓርኩ ገብቶ ተክል መንቀል አይፈቀድም፤ ጀማሪ በቡድን የሥራ ቀን ይጀምርና ሥልጠናውን ሲጨርስ ለብቻው መሥራት ይችላል። አረም ከትራውት ጋር ምን አገናኘው ለሚል፣ መልሱ ጥላ ነው። የእንግሊዝ አይቪና ሌሎች መጤ ሐረጎች በጅረቱ ዳር ያሉ ትልልቅ ዛፎችን ጠቅልለው ይጥላሉ፤ ዛፉ ሲወድቅ ውኃው ለፀሐይ ይጋለጣል፣ ዳርቻውን የያዘው ሥርም ይላላል። ዛፍ ላይ የወጣ አይቪ ሲያጋጥም ግንዱን ዙሪያውን ሐረጉን ከሥሩና ከወገብ ከፍታ ላይ መቁረጥ፣ መሀሉን ማንሳት፣ ከላይ የቀረውን ግን ጎትቶ ከማውረድ ተቆጥቦ በራሱ እንዲደርቅ መተው ነው። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ፖይዝን አይቪን መለየት ይማሩ፤ በአንድ ላይ የሚወጡ ሦስት ቅጠሎች አሉት፣ ዛፍ ላይ የወጣው ግንዱ ፀጉራም ነው፣ ቅጠሉ በረገፈበት በክረምትም ቆዳን ያቃጥላል። ረዥም እጅጌና ጓንት መልበስ፣ ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተት፣ ማታ ደግሞ ገላን ለመዥገር መፈተሽ ያስፈልጋል፤ በመዥገር የሚተላለፈው የላይም በሽታ በዚህ አገር የተለመደ ነው።

ዛፍ ከተተከለ በኋላ ያለው ሥራ ከተከላው ይከብዳል። ችግኝን አጋዘን ስለሚበላው በመከላከያ ቱቦ መሸፈን፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ውኃ ማጠጣት ግዴታ ነው። በደቦ አንድ ቀን መቶ ችግኝ ተክሎ ፎቶ ተነስቶ ከመለያየት፣ አሥር ተክሎ አሥሩንም ማጽደቅ ይሻላል።

ውኃው ውስጥ ለመግባት ተራው የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። ትራውት በመከር ወራት ሴቷ በጅራቷ ጠጠሩን ቆፍራ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ወንዱ ካዳቀለው በኋላ ጠጠር መልሳ ታለብሰዋለች፤ እንቁላሉም በጠጠሮቹ መካከል በሚያልፈው ውኃ እየተነፈሰ ክረምቱን ይከርማል። ደለል ያንን ክፍተት ከደፈነው ይታፈናል፤ ሰው ከረገጠውም ይጨፈለቃል። በትራውት ጅረቶች ውስጥ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ግንባታ የሚከለከለው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ በጎ ፈቃደኛም በእነዚህ ወራት ጠጠራማውን ወለል ከመርገጥ መታቀብ አለበት። ሜሪላንድ ከ2011 ጀምሮ ፌልት ሶል፣ ማለትም ውኃ የሚመጥ ወፍራም ጨርቅ መሰል ሶል ያለው የውኃ ጫማ በጅረቶቿ እንዳይገባ ከልክላለች፤ ሶሉ ሳይደርቅ ስለሚቆይ መጤ ዋቅላሚን (አልጌን) ከወንዝ ወደ ወንዝ ያሻግራል። የጎማ ሶል ተጫምተው፣ ከአንዱ ጅረት ወደ ሌላው ሲሄዱ አጥበው ያድርቁት።

የጅረቱን ጤና መከታተል የሚፈልግ ሰው ቼቪ ቼዝ የሚገኘው ኔቸር ፎርዋርድ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት የሚያሠለጥናቸውን የውኃ ጥራት ተከታታዮች መቀላቀል ይችላል። ሥራው በመረብ የድንጋይ ሥር ነፍሳትን ሰብስቦ፣ ዓይነታቸውን ለይቶ፣ ቆጥሮ መመዝገብ ነው። ሁለት ጅራት ያለው ስቶንፍላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጅራት ያለው ሜይፍላይ፣ ከጠጠርና ከጭራሮ ለራሱ ቤት የሚሠራው ካዲስፍላይ ሲበዙ ውኃው ጤነኛ ነው፤ ትሎችና አልቅቶች ብቻ ሲቀሩ ግን ችግር አለ። ለዓሣው ቅርብ መሆን የሚሻ ደግሞ በ1959 በሚሺጋን የተመሠረተውን ትራውት አንሊሚትድ የተባለ የትራውት ጥበቃ ማኅበር በአካባቢው ቅርንጫፉ በፖቶማክ ፓተክሰንት በኩል ያገኘዋል።

ልጆች ላሏቸው ወላጆች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የሞንጎመሪ ካውንቲ ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ማጠናቀቅ ስላለበት፣ ይህ ሥራ ሊቆጠርለት ይችላል። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ግን የሚሠራበት ድርጅት የጸደቀ መሆኑን የትምህርት ቤቱን አስተባባሪ ይጠይቅ፤ ሰዓቱ በፊርማ ሳይረጋገጥ ቀርቶ የተጸጸቱ ልጆችን አውቃለሁ።

በመጨረሻም በእግር ጉዞ ላይ እያሉ ዝናብ ሳይዘንብ ጅረቱ የደፈረሰ፣ የሳሙና አረፋ ወይም የፍሳሽ ሽታ ያለው ሆኖ ካገኙት፣ ወይም ከግንባታ ቦታ ጭቃ ሲፈስ ካዩ ለካውንቲው በ311 ይደውሉ። ሰዓቱን፣ በአቅራቢያው ያለውን የመንገድ ስም፣ ውኃው የሚወጣበትን ቱቦና ፎቶግራፍ ይያዙ፤ የጥያቄውንም ቁጥር መዝግበው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ምላሽ ካልመጣ ያንኑ ቁጥር ጠቅሰው እንደገና ይደውሉ።